ሰሙ የት፣ ወርቁስ የት? የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልሞች «ኩዊር ንባብ» እና የእኛ አነባበብ

የነገረ መለኮት መጽሔት ስለ ድሮ የሆሊውድ የዘፈንና የጭፈራ ፊልሞች ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ርእሱን ሳነሣ አመንትቻለሁ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የፊልም ብቻ ሳይሆን የንባብ ጉዳይ ነው፤ ንባብ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። በየሳምንቱ መድረክ ላይ የምንቆመው ጽሑፍ አንብበን «ይህ ማለት እንዲህ ነው» ለማለት ነው። ያልተጻፈውን አንብበን ከመጣን ጉባኤው ይጎዳል፤ የተጻፈውን ሳናነብ ከቀረንም ይጎዳል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በእንግሊዝ የፊልም ጥናት ውስጥ አንድ የአነባበብ መንገድ እያደገ መጥቷል፤ «ኩዊር ንባብ» ይሉታል። «ኩዊር» በእንግሊዝኛ ቀድሞ «እንግዳ፣ ያልተለመደ» ማለት ነበር። በኋላ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ሰዎች የሚሰደቡበት ቃል ሆነ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ከተሰዳቢዎቹ ብዙዎቹ ቃሉን አንሥተው መጠሪያቸው አደረጉት። ንባቡ ከፊልሙ ግልጽ ታሪክ ሥር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን፣ ወይም ከተለመደው የወንድና የሴት ወግ የወጣ ማንነትን ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር» የሚለውን አገላለጽ እጠቀማለሁ። ይህን የማደርገው ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን ለማለዘብ አይደለም። ስድብ ያዘለ ቃል ዐይን ይጋርዳል፤ እኛ ደግሞ አሁን ማየት ነው የምንፈልገው።

ይህ ለምን ይመለከተናል? በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ጉባኤዎቻችን የሚያድጉ ወጣቶች ይህን አነባበብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኙታል። ሰኞ በፊልም ላይ የተማሩትን ጥያቄ እሑድ ወደ ዳዊትና ዮናታን፣ ወደ ሩትና ኑኃሚን ይዘውት ይመጣሉ። ያን ጊዜ መልሳችን ቁጣ ብቻ ከሆነ፣ ማንበብ የማይችል መምህር መስለን እንታያቸዋለን።

የቅኔ አገር ሰው ጥያቄ

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም፤ ሰምና ወርቅን እናውቃለን። ባለቅኔው ሰሙን ለሁሉ ይዘረጋል፣ ወርቁን ለሚያስተውል ያኖራል። ሆኖም ወርቅ አለ የሚል ሰው ኅብረ ቃሉን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ሁለቱን ትርጉም ባንድ የተሸከመው ቃል የትኛው ነው? ኅብረ ቃሉን ሳያሳይ «አገኘሁ» የሚል ሰው ወርቁን ያወጣው ከራሱ ኪስ ነው።

ስለዚህ ኩዊር ንባብን በሦስት ጥያቄዎች እንመዝነው። አንደኛ፣ ሠሪዎቹ እንዲሸሽጉ ያስገደዳቸው ነገር ነበር ወይ? ሁለተኛ፣ ኅብረ ቃሉ የት አለ? ሦስተኛ፣ የታሪኩ ቅደም ተከተል ራሱ ምን ይላል?

ሰም ያስፈለገበት ዘመን

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ግልጽ ነው፤ ነበር። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች በ1930 አንድ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ። ከ1934 ጀምሮ ጆሴፍ ብሪን በሚመራው ቢሮ በኩል በጥብቅ ተፈጻሚ ሆነ። ደንቡ «የወሲብ ብልሽት» ብሎ የጠራውን ሁሉ፣ ፍንጩን እንኳ ሳይቀር ከለከለ፤ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርም በዚህ ሥር ይቆጠር ነበር። በ1961 ይህ አንቀጽ ላላ፤ በ1968 ደንቡ ቀርቶ ፊልሞችን በዕድሜ የመመደብ ሥርዓት ተተካ። ክላሲክ የምንላቸው ሙዚቃዊ ፊልሞች አብዛኞቹ የተሠሩት በእነዚያ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነው።

ደንቡን ያረቀቁት እነማን እንደ ነበሩ ማወቅ ይገባናል። ኢየሱሳዊው ካህን ዳንኤል ሎርድና ካቶሊካዊው አሳታሚ ማርቲን ክዊግሊ ናቸው። የፊልም ሠሪዎቹ ማኅበር መሪ ዊል ሄይስ ደግሞ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሃይማኖት ሰዎች ከዳር ሆነው የተመለከቱ አይደሉም። ዝምታውን ካቆሙት ሰዎች መካከል ነበሩ። ዝምታው ምን አመጣ? የተከለከለው ነገር ከፊልሙ አልጠፋም። ከንግግር ወደ እጅ እንቅስቃሴ፣ ወደ አለባበስ፣ ወደ ድምፅ ቅላጼ ተሰደደ እንጂ። በ1935 የወጣውን «ቶፕ ሃት» ተመልከቱ። ኤድዋርድ ኤቨረት ሆርተንና አሽከሩ ሆኖ የሚጫወተው ኤሪክ ብሎር እንደ ባልና ሚስት ይነታረካሉ፣ ይኳረፋሉ። ማንም ምንም አላለም፤ ተመልካቹ ግን ይስቃል። በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ ሴታሴት ወንድ የታወቀ የማሳቂያ ዓይነት ነበር። ቪቶ ሩሶ በ1981 ባሳተመው «ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት» በተባለ መጽሐፍ ይህን ዓይነት ገጸ ባሕርይ በየፊልሙ ተከታትሎ አሳይቷል። ይህ ሥራ ሊነቀፍ የሚችልባቸው ቦታዎች አሉት፤ ዋናው ነጥቡ ግን ከማስረጃ የተነሣ ነው።

አንበሳውና ዶሮቲ

አሁን ወደ ታወቀው ፊልም እንሂድ። በ1939 ኤም ጂ ኤም ያወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ጁዲ ጋርላንድ የተጫወተቻት ዶሮቲ ከደብዛዛው ካንሳስ ወጥታ በቀለም ወደ ደመቀ አገር የምትሄድበት ታሪክ ነው። በመንገዷ አእምሮ የለኝም የሚል የገለባ ሰው፣ ልብ የለኝም የሚል የቆርቆሮ ሰው፣ ድፍረት የለኝም የሚል አንበሳ ታገኛለች። አንዳቸውንም አትንቅም፤ ሁሉንም ይዛ ትጓዛለች።

በርት ላር የተጫወተው አንበሳ በዘፈኑ ውስጥ በሴታሴት ወንድ ላይ የሚነገረውን የንቀት ቃል በራሱ ላይ ይናገራል። ወደ ኤመራልድ ከተማ ሲገባም ጸጉሩ ተጠቅልሎ፣ ቀይ ሪባን ታስሮለት ይታያል። ኅብረ ቃል አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎን፣ አለ እላለሁ። ያ ቃል በ1939 «ፈሪ» ማለትም «ሴታሴት» ማለትም ነበር፤ የተዋናዩም አኳኋን ሩሶ ከሚያሳየን የማሳቂያ ዓይነት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ኅብረ ቃሉ የሚወስደን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። አንበሳው ማንን እንደሚያፈቅር ፊልሙ አንድም ቃል አይናገርም። ሳቁ ስለ ወግ ነው፤ ስለ ፍቅር ፊልሙ ዝም ይላል።

ዶሮቲን በተመለከተ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ወንዶች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት «የዶሮቲ ወዳጅ» የሚል ምስጢራዊ አገላለጽ ነበር። ብዙዎች ከዚህ ፊልም ጋር ያያይዙታል። ጋዜጠኛው ራንዲ ሺልትስ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ጻፈው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርማሪዎች ይህን አገላለጽ ሰምተው ዶሮቲ የምትባል አንዲት ሴት አለች ብለው ፍለጋ ወጡ። ይህን ስታነቡ ፈገግ ብላችሁ ይሆናል። እኛም በጉባኤያችን ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ሳናውቅ የሌለችውን ዶሮቲ ስንፈልግ እንደማንገኝ እርግጠኛ ነኝ ለማለት ግን አልደፍርም።

የእንግሊዛዊው ምሁር ሪቻርድ ዳየር በ1986 በወጣ መጽሐፉ እነዚህ ተመልካቾች ጋርላንድን ለምን እንደ ወደዷት አጥንቷል። ጥናቱ ጋርላንድ ራሷ ወይም ፊልሟ «ምን እንደ ሆነ» ከመፍረድ ይልቅ ተመልካቾቹ በእርሷ ውስጥ ምን እንዳዩ ይጠይቃል። ይህ ሐቀኛ አነባበብ ነው። ተመልካች አንድን ሥራ መውደዱ ስለ ተመልካቹ እውነት ነው፤ ስለ ሥራው ሁልጊዜ እውነት ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ ሲረሳ አፈ ታሪክ ይወለዳል። ጋርላንድ የሞተችው ሰኔ 22 ቀን 1969 ነው፤ ቀብሯ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰኔ 27 ተፈጸመ። በማግስቱ ሌሊት ፖሊስ በዚያው ከተማ ስቶንዎል የተባለውን መጠጥ ቤት ሲወርር ሁከት ተነሣ። ብዙ ሰው ሁከቱን ያስነሣው የጋርላንድ ኀዘን ነው ይላል። ቀኖቹ ተከታትለዋል፤ መከታተል ግን ምክንያት መሆን አይደለም፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን አይቀበሉም።

ሁለት የ1953 ፊልሞች

«ካላሚቲ ጄን» ውስጥ ዶሪስ ዴይ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፈረስ እየጋለበች፣ ሽጉጥ እየተኮሰች ትታያለች። ከቺካጎ ያመጣቻት ኬቲ መጀመሪያ ወንድ መስላት ትደነግጣለች። ኋላ ሁለቱ በአንድ ጎጆ አብረው ይኖራሉ፣ ቤቱን አብረው ያሰማምራሉ። ስለ ተሸሸገ ፍቅር የሚናገረው የፊልሙ ዘፈን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ፍቅራቸውን ለመሸሸግ የተገደዱ ሰዎችም የራሳቸው መዝሙር አድርገውታል። ለምን እንዳደረጉት ለመረዳት አይከብድም። በሦስተኛው ጥያቄ ስንመዝነው ግን፣ ዘፈኑ የሚመጣው ካላሚቲ ቢል ሂኮክን እንደምትወድ ከተረዳች በኋላ ነው። ታሪኩ የፍቅሩን ባለቤት ስሙን ጠርቶ ነግሮናል። ስለዚህ ዘፈኑን መዋስ ይቻላል፤ የታሪኩ ወርቅ ይህ ነው ማለት ግን አይቻልም።

«ጄንትልመን ፕሪፈር ብሎንድስ» ይበልጥ ያስቸግራል። ሃዋርድ ሆክስ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ማሪሊን ሞንሮና ጄን ራስል ወደ ፈረንሳይ በመርከብ የሚጓዙ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ትርኢት ላይ ራስል ፍቅር ፈላጊ ሆና በስፖርተኞች መካከል ትዘፍናለች፤ ወንዶቹ ግን በጡንቻቸው ተጠምደው ዘወር ብለው አያዩአትም። እዚህ ላይ ቀልዱ በግልጽ ተቀምጧል፤ ኅብረ ቃሉን የሚያይ ሰው ከኪሱ አላመጣም። በመጨረሻ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቀን ያገባሉ፤ ካሜራው ግን ሙሽሮቹን ትቶ ወደ ሁለቱ ጓደኛሞች ይጠጋል።

ይህን ሉሲ አርቡትኖትና ጌይል ሴኔካ በ1982 የሴቶች ጓደኝነት ታሪክ አድርገው አነበቡት። አሌክሳንደር ዶቲ ደግሞ በ2000 ባወጣው «ፍሌሚንግ ክላሲክስ» ከጓደኝነት አልፎ ሄደ። እኔ የመጀመሪያው ንባብ ይበልጥ ያሳምነኛል። ራስል በፍርድ ቤት ጓደኛዋን መስላ እስከ መቅረብ ድረስ ትሟገትላታለች። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጓደኝነት ይበቃል። እግረ መንገዴን ላንሣው፤ ጄን ራስል በሆሊውድ ውስጥ በግልጽ የምትታወቅ ወንጌላዊት አማኝ ነበረች፤ ለፊልም ሰዎችም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ታዘጋጅ ነበር። ይህ ፊልሙን አይፈታልንም። «የእኛ» እና «የእነርሱ» ብለን የምንለየው ዓለም ግን እንደምናስበው የተለያየ እንዳልነበረ ያሳስበናል።

ዝምታው ራሱ ጽሑፍ ሲሆን

ለኩዊር ንባብ እጅግ ጠንካራው ማስረጃ ከልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ይልቅ በእውነተኛ ሰዎች ላይ በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ይገኛል። በ1946 የወጣው «ናይት ኤንድ ዴይ» የዜማ ደራሲውን የኮል ፖርተርን ሕይወት ይተርካል። ፖርተር በ1919 ያገባ ቢሆንም ከወንዶች ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይመሰክራሉ። ፊልሙ ግን በትዳሩ ላይ የነበረውን ችግር ሁሉ በሥራ መጠመዱ ላይ ያላክካል። በ1948 የወጣው «ወርድስ ኤንድ ሚውዚክ» በ1943 የሞተውን ገጣሚ ሎሬንዝ ሃርትን ያሳያል። ሃርትም ወንዶችን ያፈቅር እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ፊልሙ ግን ኀዘኑን አንዲት ሴት እንቢ ስላለችው የመጣ ያስመስላል። እዚህ «ያልተባለ ነገር አለ» ማለት ግምት አይደለም። በሁለቱም ላይ ታሪኩ በሐሰት ተሞልቷል። ሐሰት ደግሞ ለመልካም ሥነ ምግባር ተብሎ ቢነገርም ሐሰት ነው።

ዶቲ ትክክል የሆነበትና ያልሆነበት

ዶቲ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ከባድ ሙግት ያቀርባል። ኩዊር ንባብ ከዋናው ንባብ ጎን የሚቀመጥ «አንድም» አይደለም፤ በሥራው ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረውን መለየት ነው ይላል። ሙግቱን በራሴ ቃል ሳስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ተቃራኒ ፆታን ያፈቅራል ብለን ስንገምት ማንም ማስረጃ አይጠይቀንም። ታዲያ ሌላውን ብቻ ለምን እንጠይቃለን?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ አትለፉት፤ ግማሹ እውነት ነው። ዝም ብለን የምንገምተው ነገርም ንባብ ነው። የእኔ መልስ ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን የሚል ነው። ሙዚቃዊ ኮሜዲ ከልማዱ ወደ ሠርግ የሚያመራ ዓይነት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ የወንድና የሴት ፍቅርን መጠበቅ ከሥራው ዓይነት የመጣ መሠረት አለው። አንበሳው ላይ ግን ሠርግም ፍቅርም የለም። እዚያ ሁላችንም ዝም እንበል። ዶቲ የሚስተው ዝምታን ሁሉ እንደ ተሸፈነ ንግግር ሲቆጥር ነው። የሚሸሸግ ነገር በነበረበት ዘመን እንኳ ሁሉም ዝምታ መሸሸጊያ አልነበረም።

ወደ ራሳችን መድረክ

ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ከሆነ እኛም እንመዘንበት። ፊልም አይተን አንድ ሰው ለሌላው ሲሞት «ይህ የክርስቶስ ምሳሌ ነው» ብለን ስንሰብክ ኅብረ ቃሉን አሳይተናል ወይ? ከዳዊት አምስት ድንጋዮች አምስት መንፈሳዊ ትምህርት ስናወጣስ? ዶቲን «የሌለውን አስገባ» ብለን ከወቀስን በኋላ እሑድ ጠዋት እኛው የሌለውን ካስገባን፣ ወቀሳችን የአነባበብ መሆኑ ይቀርና የወገን ይሆናል።

ዳዊትና ዮናታንንም በዚሁ ሚዛን እናንብብ። በ1ኛ ሳሙኤል 18 ዮናታን ልብሱንና የጦር መሣሪያውን ለዳዊት ይሰጣል፤ የንጉሥ ልጅ የራሱን ስፍራ አሳልፎ የሚሰጥበት ቃል ኪዳን ነው። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ እስራኤልና ይሁዳ ሁሉ ዳዊትን እንደ ወደዱት የተነገረው በዚያው የዕብራይስጥ ግሥ ነው። ኪራም ለዳዊት የነበረው ወዳጅነትም በ1ኛ ነገሥት 5 በዚሁ ግሥ ተጽፏል። ስለዚህ ቃሉ ሌላ ወርቅ እንድንፈልግ አያስገድደንም። ሆኖም ወደ ሌላው ጥግ አንሩጥ። ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል 1 ያለቀሰው ለፖለቲካ አጋሩ ብቻ አይደለም። ልቡ ተሰብሯል። ይህን ፍቅር አፍረንበት ካቀለልነው እኛም ጽሑፉን አጉድለናል።

ሲ ኤስ ሉዊስ በ1960 ስለ ፍቅር ዓይነቶች በጻፈው መጽሐፍ ጽኑ ጓደኝነትን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ዘመን ጓደኝነት ምን እንደ ሆነ እንዳላወቀ ይሞግታል። በአገራችን ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ እንግዳ ሰው ሌላ ነገር ሲያነብበው አይታችሁ ይሆናል። ምልክቱ አንድ ነው፤ ዐውዱ ይለያያል። ይሁን እንጂ በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን እጃቸውን መለቃቀቅ እየተማሩ ነው። ጓደኝነት ቦታ ሲያጣ፣ ሰው የሚወደው ሁሉ ወይ የፍቅር ጓደኛ ወይ ምንም ይሆናል። ለዚህ ጥበት ምሁራኑን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ጋብቻን ብቻ እያወደሰ ያላገባውን ሰው የሚረሳ ስብከታችንም አስተዋጽኦ አለው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወጣቱ መጥቶ «ይህ ፊልም ስለ እኔ ነው» ቢላችሁ፣ ፈጥናችሁ ስለ ፊልሙ አትከራከሩ። ስለ ፊልሙ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ራሱ ግን አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። ምናልባት በድፍረት ሊናገረው ያልቻለውን በዶሮቲ ስም እየተናገረ ነው። ስለ ጋብቻ የምናምነውን እንንገረው፤ ከዚያ በፊት ግን ፊት ለፊት ሊናገር የሚችልበት ቤት እንሁንለት። የሆሊውዱ ደንብ ሰዎች በፍንጭ ብቻ የሚነጋገሩበት ዓለም ሠራ። ጉባኤያችን ያን ዓለም እንዳይመስል መጠበቅ የእረኛው ድርሻ ነው።